የትርንጎ ሠራተኞች

የትርንጎን መሞት ከእናቷ በፊት እኔ ሰማሁ። ሞጣ፣ ሱቄ ውስጥ ሆኜ የመስኮት መስታወት እየቆረጥሁ ነበር። ስልኬ ሲጮህ የአዱኛን ስም አየሁና ዕቃ ይዞልኝ የመጣ መሰለኝ። አዱኛ የትርንጎ ያጎቷ ልጅ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው በከባድ መኪና የጅቡቲን መንገድ ሲመላለስ ነው።

«ሞጤ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ።

«መስታወት።»

«አስቀምጠውና ቁጭ በል።»

ቁጭ አልሁ። ትርንጎ ዱባይ ሆስፒታል ውስጥ ማረፏን፣ ታማ መሰንበቷን፣ መታመሟንም ለማንም አለመናገሯን ነገረኝ። አስከሬኗ አይመጣም፤ እዚያው ይቀበራል። እናቷ እማማ ደብሬ ገና አልሰሙም። በአገራችን ደንብ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ የሞተበት ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። «ነገ ማለዳ እናረዳቸዋለን። አንተም ወዳጇ ነህ፤ ና» አለኝ አዱኛ።

ሱቁን ዘግቼ ወደ ቢቸና የሚሄድ ሚኒባስ ያዝሁ። መንገዱን ሙሉ ትርንጎን በሆዴ ስወቅሳት ሄድሁ። ምን ነበረበት ታምሜያለሁ ብትል? ምን ነበረበት አንድ ጊዜ እንኳ የራሷን ነገር ለሰው ብትናገር? እኔና እሷ ብቻ የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ያን የሚያውቅ ሰው አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ። እሱን ይዤ እናቷ ፊት መቆም ነበረብኝ።

ትርንጎን ያወቅኋት በአፍንጫዋ ነው። አንድ ቀን ከቢቸና ድረስ መጥታ ሱቄ ገባች። ሰላምታ ከሰጠችኝ በኋላ ስለ ዋጋም ስለ ሥራም አልጠየቀችኝም፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን የሲሊኮን ማጣበቂያ አንስታ፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው።

«ይኸ ለሽንት ቤት ነው» አለች።

«መስታወቱን እስከያዘ ድረስ ሽንት ቤት ይሁን ቤተ መንግሥት ምን ቸገረሽ?»

«ሻጋታ እንዳይዝ መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው። እኔ ውኃ ላስቀምጥበት ነው፤ ውኃው ውስጥ ደግሞ ነፍስ ያለው ነገር ይኖርበታል። ይገድልብኛል።»

«ዓሣ ልታረቢ ነው?»

«ባሕር ነው የምሠራው» አለችኝ። ቢቸና ላይ! ጤነኛ መሆኗን ለማጣራት ዓይን ዓይኗን አየኋት። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሥራ የለመደ እጅ ያላት ሴት ነበረች፤ እጇ በሳሙናና በበረኪና ብዛት ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል። የምትቀልድ አትመስልም።

ሌላ ማጣበቂያ ራሷ ከአዲስ አበባ አስመጣች። ወፍራም መስታወት ገዛች። ስሠራም ከአጠገቤ አልንቀሳቀስ አለች። እኔ ደግሞ ሰው እየተመለከተኝ መሥራት አልወድም፤ እጄ ይከብደኛል። «ሂጅና አንድ ሻይ ጠጭ» አልኋት። አልሄደችም። «ቁጭ በይ እንግዲያ» አልኋት። አልተቀመጠችም። «ሰው ሲሠራ መቀመጥ አልለመድሁም» ብላ በእጇ አፏን ከልላ ሳቀች። አፏን ሳትከልል ስቃ አታውቅም። ደግሞ በየመሀሉ «ቀስ» ትለኛለች። ይህችን ቃል ለሁሉም ነው የምትናገረው፤ በጭማቂ ቤቷ ላለው ማንጎ መጭመቂያ፣ ለሚኒባስ ረዳቱ፣ ለአጣዳፊ ደንበኛው። ሳጥኑን ጨርሼ ውኃ ሞልተን ጠብታ እንኳ እንደማያንጠባጥብ ካየች በኋላ ግን «እጅህ ይባረክ፣ ሞጤ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቢቸና ሰው ሁሉ ስሜ ሞጤ ሆኖ ቀረ።

ታሪኳን በኋላ ነው ቀስ በቀስ የሰማሁት። በወጣትነቷ ዱባይ ሄዳ አንድ ትልቅ ቤት ሠራተኛ ሆነች። እዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን የሞላ የመስታወት ገንዳ ነበር፤ እውነተኛ የጨው ውኃ፣ ኮራል የሚባል የባሕር እንስሳ እንደ ቡቃያ የበቀለበት ድንጋይ፣ ቀለም የተነከሩ የሚመስሉ ዓሦች። በየሳምንቱ እየመጣ የሚንከባከበው ባለሙያ መጀመሪያ ባልዲ አስያዛት፣ ቀጥሎ ጨው አስለካት፣ በመጨረሻ ሥራውን ሁሉ አስተማራት። ባለቤቶቹም ይህን ሲያዩ ሰውየውን አሰናብተው ገንዳውን ከወለሉና ከልብሱ ጋር በእሷ ላይ ጨመሩት። እሷ ግን አልከፋትም። «እዚያ ቤት ስመጣ ደስ የሚላቸው ዓሦቹ ብቻ ነበሩ» አለችኝ አንድ ቀን። ስትናገረው እንደ ቀልድ ነው፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ወደ ቢቸና የተመለሰችው እማማ ደብሬ ብቻቸውን ስለቀሩ ነው። አንድ ልጃቸው እሷ ናት። መናኸሪያው አጠገብ ጭማቂ ቤት ከፈተች፤ ከኋላው ባለው ክፍል ከእናቷ ጋር ትኖራለች። የጭማቂ ቤት ግን ቢቸና ውስጥ ሞልቷል፣ ገበያውም እንደ ወሬው አልነበረም። የዱባይ ቤት ደግሞ በየጊዜው እየደወለ ተመለሽ ይላታል። ለእናቷ ግልጹን ነግራቸዋለች፤ ይህ ባሕር ከኖረ፣ ሰው ሊያየው ከመጣ፣ ቤቱ ከቆመ፣ ከእንግዲህ የትም አትሄድም። ካልሆነ ተመልሳ ትሄዳለች። እማማ ደብሬ መጀመሪያ ያን ውኃ ሲያዩ አማትበው ነበር። ይህን ከሰሙ በኋላ ግን ከማንም በላይ ጠባቂው እሳቸው ሆኑ።

ውኃው ተሞላ፣ ጨው ገባበት፣ አዱኛ ከጅቡቲ ያመጣው ድንጋይ ተደረደረ፣ ሁለት ትንንሽ ብርቱካንማ ዓሦች ገቡ። ከዚያ ለሳምንታት ምንም የለም። ሰው ጭማቂውን እየጠጣ «ትርንጎ፣ ይኸ ነው እንዴ ባሕር ያልሽው?» እያለ ይቀልድባታል። አንድ ቀን የገንዳውን መብራት ለመግጠም ስሄድ መስታወቱ በቡናማ ነገር ተለብጦ አገኘሁት። የሠራሁት ነገር እንዲህ ቆሽሾ ሳይ ተናደድሁ፤ መጥረጊያ ጨርቅ ፈለግሁ። ትርንጎ እጄን ያዘችኝ።

«እንዳትነካው! ምግብ መጣ እኮ!» አለች። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። «አሁን ሠራተኞች መቅጠር እችላለሁ።»

ሠራተኞች የምትላቸው ይህን ቡናማና አረንጓዴ አልጌ፣ የዓሦቹን ትርፍራፊና በአሸዋው ውስጥ የሚቀረውን እየበሉ የሚኖሩትን እንስሳት ነው። የዚያን ዕለት የነበረውን ምርጫ አልረሳውም። አዱኛ ጅቡቲ ሆኖ ከአንድ ዓሣ ነጋዴ ዘንድ ፎቶ በፎቶ ይልክላታል፤ ጭማቂ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ ስልኳን ያያል። ቀይ የባሕር ኮከብ ሲመጣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሁሉም እሱን አለ። እኔም እሱን አልሁ፤ አምስት ክንድ ያለው፣ እንደ በርበሬ የቀላ፣ እንዴት ያለ ፍጥረት መሰላችሁ!

«አይሆንም» አለች።

«ምነው?»

«ቤቱ አዲስ ነው። ይኸ የሚበላው ብዙ ዓመት በቆየ ውኃና አሸዋ ውስጥ ነው። እዚህ መጥቶ ምን ይበላል? ለውበቱ ብዬ አምጥቼ በረሃብ ልግደለው?»

ከዚያ እንደ ቅል የረዘመ ለስላሳ ነገር መጣ። እሱ አሸዋ እየዋጠ ያጠራል አለች፤ ነገር ግን ውኃውን የሚያዟዙረው ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ከሞተ ውኃውን ሁሉ ይመርዛል፤ ቀረ። ትልቅ ሸርጣን መጣ፤ የሥራ ባልደረቦቹን ይበላል ብላ አባረረችው። የመረጠቻቸው ለዓይን የማይሞሉ ነበሩ። መስታወት የሚልጉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች፣ ቀን አሸዋ ውስጥ ተኝተው ማታ የሚወጡ ሌሎች ቀንድ አውጣዎች፣ በባዶ ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ የጣት ጥፍር የሚያካክሉ ሸርጣኖች፣ ሽሪምፕ የምትባል ብዙ እግር ያላት አንዲት ትንሽ ፍጡር። ለሸርጣኖቹ ደግሞ ትርፍ ባዶ ቅርፊት አስጫነች። ሲያድጉ ሰፋ ያለ ቤት ካላገኙ ቀንድ አውጣውን ገድለው ቤቱን ይወርሳሉ አለችን። አንዱ ደንበኛ «የከተማ ቦታ የሚሰጡት ሰዎች ዘመድ ናቸው በይኛ!» አለና ሳቅን።

አዱኛ ጥቂት ናቸው፣ ልጨምርልሽ ቢላት እንቢ አለች። እኔም ገንዳው ባዶ መስሎ ስለታየኝ «እነዚህ ይኸን ሁሉ ድንጋይ እንዴት አድርገው ያጸዱታል?» ብዬ ጠየቅኋት።

ስልኳን አስቀምጣ ዞረችብኝ። «እነሱ አያጸዱም፣ ሞጤ። ይበላሉ፣ ይኖራሉ። ጽዳት የምንለው እኛ ነን። እኔ ንጹሕ ቤት ውስጥ ምግብ ሳይበቃት የዋለች ሠራተኛ ሆኜ አውቃለሁ። የማበላውን ያህል ብቻ ነው የምቀጥረው።» ይህን ስትል አልሳቀችም፤ አፏንም አልከለለችም።

ሠራተኞቹ ገቡ፤ ቢቸናም ባሕር ኖራት። ቡናማው ከመስታወቱ ላይ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ድንጋዩ ላይ ቡቃያ የሚመስሉ ኮራሎች መወዛወዝ ጀመሩ። እማማ ደብሬ ጥጣቸውን ይዘው ከገንዳው አጠገብ እየተቀመጡ ሲፈትሉ ይውላሉ። ትልቁን ቀንድ አውጣ ግራጌታ አሉት፤ ሳይቸኩል ስለሚሄድ። ቤት የምትቀያይረውን ሸርጣን ደግሞ ተከራይዋ ይሏታል። አንድ ረቡዕ ትርንጎ በጠዋት ለዓሦቹ የደረቀ የሽሪምፕ ፍርፋሪ ስትበትን አዩና ተቆጡ።

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«እማ፣ ዓሣ ይጾማል እንዴ?»

«ዓሣው ምን ያውቃል? የምታበይው አንች ነሽ እንጅ!»

ትርንጎ አልተከራከረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ የገንዳው መብራት የሚበራው፣ ምግብም የሚወርደው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሆነ። በዓለም ላይ የሚጾም ባሕር ያለው ቢቸና ብቻ ነው እያልን እንስቅ ነበር። «ቢርባቸው አይሞቱም፤ እናቴ ግን ታዝናለች» አለችኝ። እናቷን የምትወደው እንደዚህ ነበር፤ በነገሩ ሳታምን፣ ሳትጨቃጨቅ፣ ዝም ብላ።

ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ከየጁቤ፣ ከሞጣ፣ ለዕቁብና ለሠርግ የመጣ ሁሉ ሳያይ አይሄድም። ጭማቂውም ተሸጠ። ሰው ግን ሲያይ ዝም ብሎ አያይም፤ «ወይ ጉድ! እንዴት ያምራሉ!» ይላል። እማማ ደብሬ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። «እግዜር ይጠብቃቸው በሉ!» ይላሉ። የሚል አለ፣ የማይል አለ። በፋሲካ ሰሞን ሰው ቤቱን ሞልቶ እስከ በሩ ድረስ ተሰልፎ ነበር፤ እማማ ደብሬ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ የሰውን ዓይን ሲከታተሉ ዋሉ። እኔም በቦታው ነበርሁ፤ ድካም ነው ብዬ አለፍሁት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትርንጎ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደርቋል። «ሞጤ፣ ማጣበቂያህ ገደለብኝ» አለች።

ደሜ ፈላ። ማጣበቂያው ራሷ ያመጣችው ነው! አጠገቤ ቆማ፣ ቀስ እያለች ያስደረገችኝ! ስሜን ለማዳን በማግስቱ ቢቸና ገባሁ። ስደርስ ግን የተዘጋጀሁበት ስድብ ጠፋብኝ። ግራጌታ አሸዋው ላይ ተገልብጦ ወድቋል። ሌሎቹ ቀንድ አውጣዎች በየቦታው ተበትነዋል። ሸርጣኖቹ ከቤታቸው ወጥተው ራቁታቸውን ሞተዋል። ኮራሎቹ ተኮማትረዋል። ሁለቱ ዓሦች ግን ከላይ እንደ ወትሮው ይዋኛሉ።

«ማጣበቂያው ቢሆን ዓሦቹም ይሞቱ ነበር» አልኋት።

«ልክ ነህ» አለች። «እኔም እሱ ነው የገረመኝ። የሞቱት አጥንት የሌላቸው ብቻ ናቸው።» አንድ ነገር ትዝ ያላት ይመስላል። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ውኃው ውስጥ አስገባችና ከድንጋዩ ሥር ያለውን አሸዋ መቆፈር ጀመረች። ስታወጣው ጣቶቿ መሀል አንድ አምባር ነበር። የመዳብ አምባር፣ አረንጓዴ ለብሶ። እማማ ደብሬ ከማውቃቸው ጀምሮ በሁለት እጃቸው አንዳንድ የሚያደርጉት፣ ከእናታቸው የወረሱት ነው። ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ይባላል።

መዳብ በዚያ ውኃ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ትርንጎ ዱባይ ሆና ተምራ ነበር። ያ ባለሙያ ዓሣ ሲታመም የሚሰጠው መድኃኒት መዳብ ነበረበት፤ ሁልጊዜ ዓሣውን ለይቶ በሌላ ዕቃ ነው የሚያክመው። ይህ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ጠብ ካለ ዓሦቹ ይተርፋሉ፣ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ግን አንድ አይቀርም ብሏት ነበር። ይህን በሹክሹክታ ነገረችኝ። እናቷ ከኋላ ክፍል ናቸው።

«ምን አገኛችሁ?» አሉ እማማ ደብሬ ከውስጥ።

ትርንጎ አምባሩን በራሷ እጅ አጠለቀችና እጅጌዋን ወደ ታች ሳበችው። «ምንም፣ እማ። ጠጠር ነው» አለች።

ከዚያ ገብታ ምን እንዳለቻቸው በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማ። ስመርጣቸው ተሳሳትሁ። ለአዲስ ውኃ የማይሆኑትን ነው ያመጣሁት።» ያን ያህል የመረጠች ሴት! ቀዩን ኮከብ እንቢ ያለች ሴት!

ወደ መናኸሪያው ሸኘችኝ። መንገድ ላይ ተጨቃጨቅን። ንገሪያቸው አልኋት። «እድሜ ልኳን፣ ልጄን በእጄ መልሼ ሰደድኋት እያለች ትኑር?» አለችኝ። እንግዲያው ሳትነግሪያቸው አዲስ ጀምሪ፣ ሌላ መስታወት እኔ እሠራልሻለሁ አልኋት። መዳቡን ድንጋዩም አሸዋውም ማጣበቂያውም እንደጠጣው፣ ሁሉም ተጥሎ ከባዶ መጀመር እንዳለበት ገለጸችልኝ። «እሱ ይሁን፤ እችለዋለሁ። ግን ሁለተኛው አምባር እጇ ላይ ነው፣ ሞጤ። አሁንማ ይበልጥ ትፈራለች። ካልነገርኋት እሱንም ትጨምረዋለች።»

«ክዳን ልሥራበትና ቆልፊው።»

ቆማ አየችኝ። «ከእናቴ ልቆልፍ?»

ወደ ሚኒባሱ ዞርሁ። ያን ቀን ዝም ባልል ኖሮ፣ በሚኒባስ ከመሄድ ይልቅ ተመልሼ ከሁለቱ መሀል ብቀመጥ ኖሮ እያልሁ የማልቆጭበት ጊዜ የለም። እማማ ደብሬ ያን ያህል ደካማ ሴት አልነበሩም። ምናልባት አልቅሰው፣ ተቆጥተው፣ ሁለተኛውን አምባር አውልቀው ይሰጧት ነበር። ትርንጎ ግን ይህን መሞከር አልፈለገችም። የሰው ቤት ብዙ ከመኖሯ የተነሳ ሸክምን ለብቻ መሸከም ጨዋነት ይመስላታል።

«አንድ ቀን ብትጠይቅህ፣ ትርንጎ ስትመርጥ ተሳስታ ነው በላት» አለችኝ። እሺ አልኋት።

ዓሦቹን አዱኛ መልሶ ወሰዳቸው። የቢቸና ሰው፣ ድሮም የባሕር ነገር ከባሕር ሲወጣ መች ይሆናል እያለ አወራ፤ ትርንጎም አብራ ሳቀች፣ አፏን ከልላ። ከመስቀል በኋላ ሄደች። የዓባይን ድልድይ ስሻገር አምባሩን እወረውረዋለሁ ብላኝ ነበር። አልወረወረችውም። በቪዲዮ ስትደውልልኝ እጇ ላይ አየዋለሁ። ስለ እናቷ ትጠይቀኛለች፣ ቢቸና ደርሼ እንዳያቸው ትለምነኛለች። ስለ ባሕሩ አንድም ቀን አላነሳችም። ዓመቱ እንደዚህ አለፈ፣ ሌላውም።

መርዶው በተነገረበት ማለዳ እማማ ደብሬ በሩን ሲከፍቱ ጋቢ የለበሱ ወንዶች ተደርድረን አገኙን። «ልጀን?» አሉ። አዱኛ አንገቱን ሲደፋ እዚያው ደጃፉ ላይ ወደቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

በሠልስቱ ዕለት ለቀስተኛው ሳሳ ሲል በዓይናቸው ጠሩኝ። ተከትያቸው ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። እኔ የሠራሁት ገንዳ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ እስከ ግማሹ ባዘቶ ሞልተውበታል።

«ሞጤ» አሉኝ፣ «አንድ ነገር በሆዴ አለ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም።»

አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። «ይንገሩኝ፣ እማማ» አልሁ።

«ያን ጊዜ የልጀን እንስሶች የበላቸው የሰው ዓይን ነው። እኔ ፈርቼ ነበር። ፈርቼ አንዱን አምባሬን አሸዋው ሥር ቀበርሁት። አንዱን ብቻ! ሁለት ነበረኝ፣ ሁለተኛውን ሰሰትሁ። የናቴ መታሰቢያ ነው ብየ እጀ ላይ አስቀረሁት። በኋላ ከተደፋው አሸዋ ውስጥ ብፈልገው የለም፤ ዓይኑ በረታበት። ሁለቱንም ባደርግላት ኖሮ ይመለስ ነበር። እንስሶቹም አይሞቱ፣ ልጀም አትሄድ። እዚሁ እጀ ላይ ትሞት ነበር። ወይ እኔ እጇ ላይ።» ይህን እያሉ የቀረውን አምባር ከእጃቸው ለማውለቅ ይታገሉ ጀመር። እጃቸው አብጧል፤ አልወጣ አላቸው፤ ቆዳቸው ተላጠ።

ለትርንጎ የገባሁትን ቃል አስታወስሁ። «እማማ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ትርንጎ ስትመርጥ ተሳስታ ነው» አልሁ።

«ዝም በል!» ብለው ጮኹ። በሩ ላይ የነበሩት ሴቶች ዞረው አዩን። «አፈር ሳይጫናት ታማታለህ? ልጀ መርጣ አትሳሳትም! እህል ስትለቅም አንዲት ጠጠር አታልፍም ነበር!»

ልክ ናቸው። እኔም የሞተችውን ሴት በዚያ ቤት ውስጥ ጥፋተኛ አድርጌ መውጣት አልቻልሁም። እውነቱን ልናገር ብል እማማ ደብሬ ናቸው የሚሞቱት። አምባሩን ይጎትታሉ፣ አምባሩ አልወጣ ይላል።

«እውነትዎን ነው፤ አልተሳሳተችም» አልኋቸው። «የገደላቸው ማጣበቂያው ነው። እኔ ነኝ፣ እማማ። የሽንት ቤት ማጣበቂያ ነው ያደረግሁበት። መድኃኒት አለበት፣ ይገድላል ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።»

እጃቸው አምባሩ ላይ ቆመ። «ልጀ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን የኔ ጥፋት ነው አለች?»

«እንዳላፍር ብላ ነው። ሸፈነችልኝ።»

ዓይናቸው ሞላ። «እንዲያ ናት» አሉ በቀስታ። «እንዲያ ናት ልጀ።» ከዚያ አምባሩን ወደ ቦታው መለሱት፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። «ውጣልኝ» አሉ።

ወጣሁ። እርባዋ ላይ ሄጄ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጥሁ፤ እማማ ደብሬ አልፈውኝ ሄዱ እንጂ ሰላም አላሉኝም። አዱኛ ግን እንቅልፍ ይተኛሉ፣ እህልም ይቀምሳሉ አለኝ። ይህን ስጽፍ ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ማን እንደሆኑ ያወቀ አንባቢ ቢኖር ግን አደራዬን፣ ይህችን እንዳያነብላቸው።

ነገሩ በቢቸና ተወርቷል። እዚያ ያሉ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ቀሩ፤ የሞጤው ማጣበቂያ ባሕር ገደለ ይሉኛል አሉ። የቢቸና ሰው አሁን መስታወት ሲፈልግ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። ይሂድ።